ከጀሶ የተነሳ እጅ

እሷ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኮምፒውተር አኒሜሽን ልማር አለኝ። «ለካርቱን አራት ዓመት?» ብለው አኮረፈኝ።

እሱ፦ አይፈረድበትም! እ.ኤ.አ. በ1972 ዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤድ ካትሙል የሚባል ተማሪ የግራ እጁን በጀሶ ቀረጸልሽ። ከዚያ ቅርጹ ላይ 350 ያህል ሦስት ማዕዘንና ሌሎች ባለብዙ ጎን ቅርጾችን አሰመረበት።

እሷ፦ እዚያው ጀሶው ላይ?

እሱ፦ እዚያው! የጥጎቹን ልኬት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ። እጁ ስክሪን ላይ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። ሰውየው ኋላ ፒክሳር የተባለውን የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

እሷ፦ የኔው ልጅ ግን እስካሁን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያገላብጠው አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ጠዋትም ማታም እሱኑ!

እሱ፦ እሱም ከዚያው ከዩታ የመጣ ነው። ማርቲን ኒዌል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 የቤቱን ማንቆርቆሪያ ነው በቁጥር የገለጸው። የኮምፒውተር ሥዕልን ለመፈተኛ ይመቻላ! ሆዱ ክብ ነው፣ በጆሮው ቀዳዳ ብርሃን ያልፋል፣ የአፉ ጥላ ተመልሶ እራሱ ላይ ያርፋል።

እሷ፦ ይሄማ ጀበና ነው።

እሱ፦ ጀበና እንዲያውም አንገቱ ያስቸግራል። ደግሞ ቡናው ሲቀዳ ማየት ከፈለግሽ፣ ለአንድ ሰከንድ በተለመደው የፊልም አሠራር 24 ምስል፤ ለአሥር ሰከንድ 240። ፈሳሽ ደግሞ የፊዚክስ ጣጣ አለበት።

እሷ፦ እንግዲያው ማታ ጀሶ ገዝቼለት ልግባና እንታረቅ።

እሱ፦ መጀመሪያ ሒሳብ ስንት እንዳመጣ ጠይቂው።