የመጀመሪያውን ካሜራ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በፎቶግራፍ ክበብ አባላት ስም የተደረገ ንግግር)



እንድንናገር የተፈቀደልን ጊዜ አጭር ስለሆነ በመግቢያ ብዛት አናባክነውም። የምንናገረው ፎቶግራፍ ማንሣት ለመማር የሚፈልግ ጀማሪ የመጀመሪያ ካሜራውን እንዴት ሊመርጥ እንደሚገባው ነው። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ከዚህ ግቢ ከመውጣታችን በፊት ይህን ጉዳይ የመረጥንበት ምክንያት አለን፤ ታናናሾቻችን «የትኛውን ልግዛ?» እያሉ ስለሚጠይቁን ነው። ወላጆችም ይጠይቁናል፤ የእነርሱ ጥያቄ ግን «ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱም መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ካሜራው ይታዘዘኛል ወይ?» የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲገባን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ዘመኑን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክ ብሎ የሰየመውን ካሜራ ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ 100 ሥዕል የሚያነሣ ፊልም ከውስጡ ገብቶበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ገዢው ሥዕሉን ከማንሣት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረበትም። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካ ይልካል፤ አጥቦ፣ አትሞ፣ አዲስ ፊልም ጨምሮ የሚመልስለት ፋብሪካው ነው። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ከካርቶን የተሠራ ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ፤ በዚህም ፎቶግራፍ ማንሣት ለልጆች እንኳ የሚቻል ነገር ሆነ። በአገራችን ግን በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ነበር፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል፤ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ በሙያው ቀጥለዋል።

ከኮዳክ ወዲህ ካሜራ ሠሪዎች አብዝተው የተወዳደሩት የሰውን ሥራ ካሜራው እንዲሠራለት በማድረግ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው። አንድ ጊዜ ስንነካው እርሱ ብዙ ሥዕል በፍጥነት አንሥቶ ያደባልቃል፤ ጥላውን ያበራል፤ ሰማዩን ያሳምራል፤ ከዚያም «ይኸው» ይለናል። ሥዕል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው። መማር ለሚፈልግ ግን የሒሳቡን መልስ ብቻ ጽፎ እንደሚሰጥ ጓደኛ ነው።

ይህን በወሬ ብቻ እንዳንተወው በየካቲት ወር አንድ ሙከራ አደረግን። ከአባሎቻችን የአንዱ እናት ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ እንደ ለበሱ በመጽሐፍ ቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ እንዲቀመጡልን ለመንናቸው፤ እርሳቸውም «ቶሎ ካላችሁ» ብለው ተቀመጡልን። ከአንድ ቦታ ሦስት ሥዕል አነሣን። በመጀመሪያው ካሜራው ራሱ እንደ ወደደ እንዲመዝን ተውነው፤ ነጠላው አመድ መሰለ፣ ፊታቸው ጠቈረ፣ ዐይኖቻቸውም ከጥላ ገቡ። በሁለተኛው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነን አንድ እርከን ጨመርን፤ አንድ እርከን ማለት ብርሃኑን በእጥፍ ማሳደግ ነው። ነጠላው ነጭ ሆነ፤ ዐይኖቻቸውም ታዩ። በሦስተኛው ሁለት እርከን ስንጨምር ፊታቸው ይበልጥ በራ፤ የነጠላው ጥለት ግን በብርሃን ብዛት ጠፋ። ሦስቱን አትመን ብናሳያቸው ሁለተኛውን አንሥተው «ይህችኛዋ እኔ ነኝ» አሉ፤ የመጀመሪያውን ደግሞ «ያችን አላውቃትም» አሉን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲመዝን ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአንድነት ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ያስባል። ስለዚህ ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ብዙ ጥቁር ሲያይ ደግሞ ያፈካዋል። ጠይም ፊት በነጭ ልብስ ተከቦ በሚገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥምቀትን አስቡት፤ ሠርግን አስቡት፤ ለቅሶንም ቢሆን አስቡት። እርግጥ ነው፣ አዳዲሶቹ ካሜራዎችና ስልኮች የሰውን ፊት ፈልገው ስለሚያገኙ ከቀድሞዎቹ ይሻላሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም፤ ባልተሳካላቸው ጊዜ ደግሞ ማረም ያለበት ሰው ነው።

ይህ የብርሃን ሚዛን ጉዳይ ብቻም አይደለም። ኮዳክ የቀለም ፎቶግራፍ ለሚያትሙ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር፤ በላዩም የነበረው የነጭ ሴት ሥዕል ነው። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች የሚታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ለሌላ ሰው ፊት የተስተካከለ መሣሪያ የእኛን ፊት ቢያጨልም ምን ይደንቃል? በብዙዎቻችን ቤት የአያቶቻችን ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ፊታቸው ከጥቁረቱ የተነሣ የማይለይበት ቤት አለ። ሌላ ሥዕል እንዳናነሣላቸው እነርሱ የሉም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ካሜራ ስንመርጥ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ በእጃችን ማጥበብና ማስፋት ይቻላል? የመዝጊያውን ፍጥነት መለወጥ ይቻላል? አይኤስኦ የተባለውን የብርሃን ስሜት መጠንስ? ያ የመደመርና የመቀነስ ቁልፍስ በቀላሉ ይገኛል ወይስ ከብዙ ማውጫ ሥር ተደብቋል? እነዚህ አራቱ ካሉት፣ አሮጌ ቢሆንም፣ ስሙ ያልታወቀ ቢሆንም፣ ለጀማሪ በቂ ነው። ከሌሉት ግን ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ ለትምህርት አይሆንም። ስልኩ ላይ እነዚህን በእጅ ማዘዝ የሚቻልበት ክፍል ያለው ተማሪ ለጊዜው ምንም ባይገዛ እንመክረዋለን፤ በስልክ ቀዳዳውን ማጥበብና ማስፋት ብዙውን ጊዜ ባይቻልም የቀረውን መማር ይቻላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስልኩ ከጠበበው ያን ጊዜ ይግዛ። ያለ በቂ ምክንያት በብድር ካሜራ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለ ዐይነቱ ብዙ አንልም። ኒኮንና ካነን ከ2018 ወዲህ ዋና ትኩረታቸውን መስተዋት ወደሌላቸው ካሜራዎች ስላዞሩ፣ ብዙ ሰዎች መስተዋት ያለውን የቀድሞ ካሜራቸውን እየሸጡ ነው። ያገለገለ ካሜራ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ መልካም ዘመን ነው። መስተዋት የሌለው ካሜራ ሥዕሉ ከመነሣቱ በፊት ብርሃኑ ምን እንደሚመስል በመስኮቱ ያሳያል፤ ይህ ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የባትሪው ነገር እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም።

ፊልም ላይ ስንደርስ ክበባችን ለሁለት ተከፍሏል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ 36 ሥዕል ብቻ ያለው ሰው እያንዳንዱን አስቦ ያነሣል ይላሉ፤ ከ1976 እስከ 1997 የተሠራውን ፔንታክስ ኬ1000ንም እንደ ምስክር ይጠሩታል፤ በእርግጥም በብዙ አገር የፎቶግራፍ ተማሪዎች የተማሩበት ካሜራ ነው። የሚበዙት አባላት ግን በዚህ አይስማሙም። ጀማሪ በመቶዎች የሚቈጠር የተበላሸ ሥዕል ማንሣት አለበት፤ ለእያንዳንዱ ብልሽት ገንዘብ የሚከፍል ተማሪ ደግሞ መሞከሩን ይተዋል። ቁጥብነትን ለመማር ከፈለገ በዲጂታሉ ካሜራ በቀን 36 ብቻ አነሣለሁ ብሎ ራሱ ይወስን።

ሌንስን በተመለከተ ግን ተከራክረን ተስማምተናል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሳበው ሌንስ ክፉ አይደለም። ሆኖም አምፖሉ አንድ ብቻ በሆነ ሳሎን ውስጥ ይደክማል። 50 ሚሊሜትር የሆነውና ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈተው ሌንስ ግን ከብዙዎቹ ሌንሶች በዋጋ የሚረክስ ሆኖ ሳለ፣ ያኛው ጫፉ ላይ ተስቦ በ5.6 ከሚያስገባው ብርሃን ዐሥር እጥፍ ያህል ያስገባል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለማይሳብም ባለቤቱ በእግሩ እንዲሄድ ያስገድደዋል፤ ይህን ብዙዎች እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን እንወደዋለን። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ኒኮን ለጀማሪ ያወጣቸው ዲ3000ና ዲ5000 የሚሏቸው ተከታታይ ካሜራዎች የሌንሱን ትኩረት የሚያዞር ሞተር በውስጣቸው የለም። ስለዚህ ሞተር የሌለው አሮጌ ሌንስ ለእነርሱ የሚገዛ ሰው በእጁ እያዞረ ሊያነጣጥር ነው።

ሻጮች አስቀድመው የሚናገሩት ስለ ሜጋፒክስል ነው። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ አትታለሉ። ሒሳቡን ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። 20 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል በጥሩ ኅትመት፣ ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ለማተም የሚያስፈልገው 8.4 ሜጋፒክስል ያህል ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ብዙ ካሜራዎች እንኳ ከዚህ ይበልጣሉ። ለ24 እና ለ45 ሜጋፒክስል ልዩነት የሚከፈለው ገንዘብ ለሌንስ፣ ለሁለተኛ ባትሪና ለኅትመት ቢውል ይሻላል። ኅትመት ስንል አጥብቀን ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲያልፍ የኖረ ሥዕል ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዙ ችኰላ አያስፈልግም። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ ማየት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነውና መተው ነው፤ በክረምት እርጥበት በተዘጋ ሣጥን የከረመ ሌንስ ይህ ያገኘዋል። ቀዳዳውን አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሣት፤ በየሥዕሉ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ካለ ብዙውን ጊዜ የሴንሰሩ አቧራ ነው፤ ይጠረጋል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ መጠየቅ፤ ለጀማሪ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች የሚገመትላቸው ዕድሜ 100000 ጊዜ ያህል ነው። ባትሪውን ነቅሎ ማየትም አይከፋም፤ ካበጠ አደገኛ ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ካልሰጠ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤት መመለስ ነው።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የምትመጣ አክስት «ምን ላምጣልህ?» ስትል «ካሜራ» ብቻ ብሎ መመለስ አይበቃም። አክስቲቱ ከሱቁ ገብታ በጣም የሚያምረውን ትመርጣለች፤ የእርስዋ ጥፋትም አይደለም። የካሜራውን ስምና ቁጥር፣ የሌንሱን ዐይነት ጽፎ መላክ ያስፈልጋል፤ ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለበት እንድታይ መንገር ያሻል፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ ደግሞ 220 ነውና። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆችም፣ ልጃችሁ ካሜራ ስትጠይቅ «ለወንድምሽ» አትበሉ። የአዲስ ፎቶ ፌስት ፌስቲቫልን በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ሴት ናት፤ በክበባችንም ብርሃን በመለካት የሚበልጡን ሴቶቹ ናቸው።

ካሜራው ከተገዛ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ለመናገር ጊዜ የለንም፤ አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ የሰው ዐይንም ከቅንድብ ጥላ ሥር ይገባል። ስለዚህ አዲሱን ካሜራ በስድስት ሰዓት ሞክራችሁ «አይረባም» አትበሉ። ጧት በአንድ ሰዓት፣ ማታ በዐሥራ አንድ ሰዓት አውጡት፤ ማታ ስትወጡ ግን አትዘግዩ፤ በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃን ብዙ አይቈይም።

የእናታችን ሦስቱ ሥዕሎች፣ እርሳቸው ፈቅደውልን፣ በመጽሐፍ ቤቱ መግቢያ ተሰቅለዋል። የክበቡ ሁለት ካሜራዎች ደግሞ ከፊታችን በዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ከሻይ በኋላ ወላጆችም ተማሪዎችም ሊሞክሯቸው ይችላሉ፤ ነገር ግን ማንጠልጠያውን በአንገቱ ሳያጠልቅ የሚያነሣ፣ አስተማሪም ቢሆን፣ አይፈቀድለትም።