የጨዋታ ዳኝነት
ልጆች በኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ስለሚሠሩት ሥራ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር



ባቲ የሚለው ስም ሁለት ነገር ያስታውሳል። አንደኛው ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ በሚጀምርበት አፋፍ ያለው፣ በሰኞ ገበያው የታወቀው ከተማ ነው። ሁለተኛው ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ሆኖ የሚቆጠረው የዜማ ስልት ነው። ቅኝቱ የጸና ሥርዓት አለው፤ በቅኝቱ የሚዜመው ግጥም ግን የዘፋኙ ብቻ አይደለም። አዝማሪ በሚጫወትበት ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የቤቱ ባለቤት ቤቱን፣ አዝማሪው ዜማውን፣ እንግዳው ቃሉን ያዋጣል ማለት ነው። የተሰጠው ቃል ከልክ ያለፈ እንደሆነ፣ ጨዋታው እንዳይፈርስና ሰጪውም እንዳያፍር አለዝቦ የሚያሳልፈው አዝማሪው ነው።

ይህ የቆየ ልማድ በዘመናችን የኢንተርኔት ጨዋታዎች ካስነሡት ጥያቄ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ የቀረበው ሮብሎክስ እና በ2011 በሙሉ ይዞታው የወጣው ማይንክራፍት ለተጫዋቹ በዋናነት የሚያቀርቡት ሜዳና መሣሪያ ነው። ቤቱን፣ ከተማውን፣ ታሪኩን፣ አልፎ ተርፎም ሌላ ጨዋታ የሚሠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ሮብሎክስ በ2025 በቀን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ለቤተሰብ ተብሎ በተከፈተ ጨዋታ ውስጥ አንድ ተጫዋች የሠራው ነገር ተገቢ ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚወስነው ማን ነው? መመዘኛውስ ምንድን ነው?

የዚህ ንግግር መልስ አጭር ነው። ቃልም ሆነ ሥዕል ብቻውን አይዳኝም፤ የሚዳኘው ከቀረበበት ጉባኤ ጋር ነው። ስለዚህ ዳኛው የዚያን ጉባኤ ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ ሊሆን ይገባዋል።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በገና ጨዋታ ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢነካ ቂም እንደማይያዝበት የታወቀ ነው። በሠርግ ቤት የሙሽራው ወገን የሙሽሪትን ወገን ቢያሽሟጥጥ ይሣቅበታል። ያው ግጥም በማግስቱ በሸንጎ ወይም በለቅሶ ቤት ቢሰማ ግን ጠብ ያስነሣል። አባቶች የወሰኑት የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር ሳይሆን የጊዜንና የቦታን ድንበር ነበር።

የጨዋታ ድርጅቶች በበኩላቸው ልዩ ልዩ መንገድ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በካናዳ የተጀመረውና በ2017 የተዘጋው ክለብ ፔንግዊን፣ ወላጆች ከፈለጉ ልጆቻቸው አስቀድመው ከተዘጋጁ ዐረፍተ ነገሮች እየመረጡ ብቻ እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር። ይህ ጥበቃው የጠነከረ ነው፤ ነገር ግን ልጁ የራሱ ቃል አይኖረውም። በ2010 የተከፈተው ሌጎ ዩኒቨርስ ደግሞ ልጆች የሠሩት ነገር ለሌሎች ከመታየቱ በፊት በሰው ዓይን እንዲመረመር አደረገ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነውረኛውን ቅርጽ ከንጹሑ ለይቶ ማወቅ ስለ ተሳነው የምርመራው ወጪ ከባድ ሆነ። ጨዋታው በጥር 2012 ተዘጋ።

ሦስተኛው ምሳሌ ለወሎ ሰው በይበልጥ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ሶኒ ሊትል ቢግ ፕላኔት የተባለውን፣ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ዓለም እየሠሩ የሚለዋወጡበትን ጨዋታ ሊያወጣ ሲል፣ ማሊያዊው የኮራ ሊቅ ቱማኒ ዲያባቴ በተጫወተው አንድ ዜማ ውስጥ ከቁርኣን የተወሰዱ ቃላት መኖራቸው ታወቀ። ድርጅቱ የታተመውን ሰብስቦ የመውጫውን ቀን አዘገየ። ዜማውን ያስገባው ድርጅቱ ራሱ እንጂ ተጫዋች አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለተጫዋች ሥራም ያገለግላል። ዲያባቴ እስላም ነበር፤ በአገሩም በዜማ ነቢዩን ማወደስ የተለመደ መሆኑን ተናግሯል። በወሎም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በዓረብኛ የሚወርደው መንዙማ የአምልኮ ቃል እንጂ ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ ያንኑ መንዙማ የሚያፈቅር ሰው የቁርኣን ቃል ከጨዋታ ሁካታ ጋር ተደባልቆ ሲሰማ ሊያዝን ይችላል። ሁለቱም ስሜት እውነተኛ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቀው በዚያ ልማድ ውስጥ የኖረ ሰው ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ባቲ እንመልሰው። አንድ የባቲ ልጅ የከተማውን የሰኞ ገበያ በማይንክራፍት ሠራ እንበል። ከቆላ ግመልና ፍየል የሚያመጣውን አፋር፣ ከደጋ እህል የሚያወርደውን ገበሬ፣ ጨውና ቅቤ የሚሸጥበትን ተራ ያስቀምጣል። ገበያውን በእውነት የሚያውቅ ልጅ ነውና አፋሩን ጊሌውን በወገቡ አስታጥቆ ያቆመዋል፤ የጫት ተራም አይረሳም። ይህ ሥራ ከሩቅ አገር በወጣ ደንብ ቢመረመር ጊሌው የጦር መሣሪያ፣ ጫቱ አደንዛዥ ዕፅ ተብሎ ገበያው በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። በዚያው ሰዓት ሌላ ተጫዋች የአንዱን ጎሣ ስም በነውር ለውጦ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በገበያው ግድግዳ ላይ ቢጽፍ፣ ቋንቋውን የማያውቀው መርማሪ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ንጹሑ ተቀጣ፤ በዳዩ ዳነ። የልጁም ትርፍ አገሩ ለጨዋታ የማይበቃ መሆኑን መማር ይሆናል።

ጊሌው ቀላል ነው፤ ማንም የአገሩ ሰው የአለባበስ ወግ መሆኑን ያውቃል። ጫቱ ግን በባቲ ሽማግሎች መካከል እንኳ ሊያከራክር የሚችል ነገር ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ነገርን በማሳየትና ወደ ነገሩ በመጋበዝ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የገበያ ሥዕል ጫት ቢኖርበት የኑሮ ምስክር ነው፤ ልጆች በቃሙ ቁጥር ነጥብ የሚያገኙበት ጨዋታ ግን ግብዣ ነው። የመጀመሪያው ይቆይ፣ ሁለተኛው ይወገድ ቢባል አብዛኛው ወላጅ የሚስማማበት ይመስላል።

የቋንቋው ነገር ደግሞ የሙያ ባልደረቦችን በቀጥታ ይመለከታል። የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር ይዞ ጽሑፍ የሚያጠልል ፕሮግራም በፊደላችን ላይ ይሰናከላል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንኳ ብንወስድ፣ በፀና በጸ፣ እንዲሁም በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ እየቀያየሩ በ12 ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ ልጆች በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሲጨመር ቁጥሩ ይበዛል። ስድብም እንዲሁ መልኩን ይለዋውጣል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ሰሙ ምርቃን፣ ወርቁ ስድብ የሆነ ስንኝ መግጠም እንግዳ አይደለም። ትርጉምም በዘመን ይለወጣል፤ ትናንት በመጻሕፍት ይታተም የነበረ የሕዝብ መጠሪያ ዛሬ ከባድ ስድብ የሆነበትን ሁኔታ የኦሮሞ ልጆች ያውቁታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በሌለበት የሚሰጥ ፍርድ የዕጣ ያህል ነው።

ሕጉ መንገዱን በከፊል አሳይቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የመጫወትን፣ በአንቀጽ 13 ሐሳብን የመግለጽን መብት ለልጁ ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 17 ከጎጂ ነገር እንዲጠበቅ ያዛል። ልጁ መብትም ጥበቃም አለው፤ አንዱ ሌላውን ሊውጠው አይገባም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የብልግና ሥራን ይቀጣል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ጥቆማውን የሚቀበለው ሰው ቋንቋውን ካላወቀ 24 ሰዓት ቀርቶ ዓመትም አይበቃውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ዳኛ የአገሩን አድልዎም ያውቃል፤ ጎረቤቱን የሚንቅ ሰው የጎረቤቱን ልጅ ሥራ ነውር ሊለው ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። መልሱ ግን ዳኝነቱን ለሩቅ ሰው መስጠት አይደለም። በደገኛና በቆለኛ መካከል ጠብ ሲነሣ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይቀመጣል እንጂ አንደኛው ወገን ብቻውን አይፈርድም። በጨዋታውም ፍርዱ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ይታይ፤ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ይግባኝ ይኑር።

ከዚህ የሚከተሉት አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ልጅን ለብልግና ማማለል፣ ማስፈራራትና ጎሣን ወይም ሃይማኖትን ማዋረድ ያለ ክርክር ወዲያው የሚወገዱ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ለቀረው ሁሉ የ7 ዓመት ልጅ ጉባኤና የ15 ዓመት ልጅ ጉባኤ ይለያዩ፤ ለአንዱ የማይገባው ለሌላው ሊገባ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ሥራው ለተነሣበት ልጅ ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ሊትል ቢግ ፕላኔት በወጣ ጊዜ ተጫዋቾችን ያስመረረው አንዱ ነገር የደከሙበት ሥራ ያለ ማብራሪያ መሰረዙ ነበር። ምክንያቱን የሰማ ልጅ ያርማል፤ ያልሰማ ያኮርፋል ወይም መደበቅን ይማራል።

አራተኛው የሙያ ባልደረቦች ዕዳ ነው። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ ቃላት ከነአገባባቸው ተሰብስበው፣ የትኛው በየትኛው ጉባኤ እንደሚጎዳ ተብራርቶ ካልተዘጋጀ፣ ድርጅቶቹ ቢፈልጉ እንኳ የሚጠቀሙበት ነገር አያገኙም። ይህን ሥራ የቋንቋ መምህሩ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያው፣ ወላጁና ሽማግሌው በአንድነት እንጂ አንዱ ለብቻው አይሠራውም። በአገር ውስጥም ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ተነሥተዋል። እነርሱም ነገ ለተጫዋቾቻቸው የመፍጠሪያውን በር ሲከፍቱ ይኸው ጥያቄ ደጃፋቸው ላይ ይቆማል፤ መልሱን አስቀድሞ ማሰናዳት ከኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል።

ክቡራን ባልደረቦች፤ አዝማሪው ስንኝ ሲቀበል ሰጪውንም ሰሚውንም ያያል፤ ሕፃን በቤቱ መኖሩን፣ ሐዘንተኛ መቀመጡን ይመለከታል፤ ከዚያ በኋላ ያዜማል ወይም ያለዝባል። ሰጪውን ግን ከቤት አያስወጣውም፤ የሚቀጥለውን ስንኝ ይጠብቃል። የልጆችን ጨዋታ ለመዳኘት የሚቀመጥ ሁሉ ከአዝማሪው ይህን ቢማር፣ የባቲው ልጅ ገበያውን ሠርቶ ሲጨርስ ጊሌው በአፋሩ ወገብ እንደ ታጠቀ ይቆያል፤ ስድቡም ከግድግዳው ይፋቃል።