የዋግ ገበሬ የከፈለውና ፕላኑ ያልቈጠረው

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «የአካባቢ ኤኮኖሚ ፕላንና የሕዝብ መዋጮ» የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ በአንድ አገር ላይ ተወስኜ ልናገር አስቤአለሁ። አገሩም ሰቆጣና በዙሪያዋ ያለው የዋግ ኽምራ ተራራና ሸለቆ ነው። ዋግን የመረጥሁት ድኻ ስለሆነ አይደለም፤ ድኻ አገር ለማየት ያን ያህል መራቅ አያስፈልግም። የመረጥሁት፥ የአገራችን ፕላን አውጪዎች በመጀመሪያ የረሱት፥ በኋላ ደግሞ በስሙ ቃል ኪዳን የገቡበት አገር ስለሆነ ነው።

ስለ ዋግ ሲወራ የሚሰማው ድርቅና ርዳታ ብቻ ነው። በወሬ የሚፈርድ ሰው ሰቆጣ ከጥንት ጀምራ የርዳታ ስንዴ ስትጠብቅ የኖረች ይመስለዋል። ነገር ግን ሰቆጣ የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ከአፋር በረሓ ተቈርጦ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ሲጓዝ ከሚያልፍባቸው ገበያዎች አንዷ እርስዋ ነበረች። የዋግሹሞችም መቀመጫ ነበረች፤ ከነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ይህን የምለው በጥንት ክብር ለመመጻደቅ አይደለም (በዚህ በኩል እኛ ተማሪዎች ድካም የለብንም)፤ ሕዝቡ የሥራና የንግድ ልማድ ያለው መሆኑን ለማስታወስ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ፕላኑ ልመለስ። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ከ1955 እስከ 1959፥ ሦስተኛው ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. ቈየ። የዚያን ጊዜው ሐሳብ፥ ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ፍሬ በሚሰጥበት ቦታ ይዋል የሚል ነበር። ስለዚህም ወደ መንገድ፥ ወደ ፋብሪካና ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻ ሄደ። የአነስተኛው ገበሬ ተራ ሲደርስም በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወላይታ ተከተለ። ሁለቱም ከዋግ ይልቅ ዝናሙ የታመነባቸው አገሮች ናቸው። እንደ ዋግ ያለው ገደላማና ዝናም አጠር አገር ለወደፊት ቀረ።

ወደፊት የተባለው ጊዜ ግን ፕላን ሳይጠብቅ መጣ። በ1958 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ሲመታ ዋግና ላስታ ተጐዱ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዓለም ያወቀው የወሎ ረኃብ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የዋግ ሰው በእግሩ እየተጓዘ ኮረም ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ያስለቀሰው የኮረም ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከወሎ ብዙ ቤተሰብ እያነሣ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦርና ወደ በለስ ሸለቆ አሰፈረ። ዛሬም «ዋግ ሰው የሚኖርበት አገር አይደለም፤ መፍትሔው ማስፈር ነው» የሚል ሰው አይታጣም። እንደዚህ ለሚል ሰው መልሴ፥ በዚያ ዘመን ከተጫኑት አንዱን ፈልገህ ጠይቅ የሚል ነው።

ጭላሎን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በጭላሎ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ምርቱን በእርግጥ አበዙት። ነገር ግን ምርቱ ሲበዛ መሬቱ ተወደደ፤ ባለርስቱም ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ማስወጣት ጀመረ። ፕላኑ ገንዘቡ የት ይዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ነበር። ፍሬው የማን ይሁን የሚለውን ግን አስቀድሞ አልጠየቀም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። አሠራሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። በየዓመቱ እህል የሚያጥረው ቤተሰብ በቀበሌው ይመዘገባል። ለመሥራት የሚችሉት እርከን ይሠራሉ፥ መንገድ ይጠርጋሉ፥ ኩሬ ይቈፍራሉ፤ አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይረዳሉ። ስሌቱ ለአንድ ነፍስ በወር 5 የሥራ ቀን ሲሆን የሚከፈለውም በዓመት 6 ወር ነው። በእህል በሚከፈልበት ጊዜ የተለመደው ልክ በቀን 3 ኪሎ ነበር። ስለዚህ አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 75 ኪሎ፥ በ6 ወር 4 ኩንታል ተኩል ያገኛል ማለት ነው። ለዚህም ባልና ሚስት በወር 25 ቀን ተካፍለው ይሠራሉ። ማንም ሰው በዚህ አይከብርም፤ ነገር ግን በሬውንና ዘሩን ሳይሸጥ ክረምቱን ይሻገራል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ፕሮግራም የወጣ ቤተሰብ «ተመረቀ» ይባላል። እኛ ስንመረቅ ጋቢ ይለበስልናል፥ በግ ይታረዳል፤ የዋግ ገበሬ ሲመረቅ ግን ስፍሩ ይቀርበታል። ሁለት ፍየል የነበረው ሰው አምስት ባደረሰ ጊዜ ከመዝገብ እንዳይሠረዝ ቢሠጋ ምን ይፈረድበታል? የአበርገሌ ፍየል በዘሩ የታወቀ ነው፤ ፍየል ማርባትን የሚያስፈራ ነገር ያደረገ አሠራር ግን ሊታረም ይገባል።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለሚከፈልበት ሥራ ነው። የማይከፈልበትም አለ። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት በዘመቻ ይወጣል። ድንጋይ ፈልጦ እርከን ይሠራል፤ የተራቈተውን ጋራ ከከብት ከልክሎ ይዘጋል። በዚህ ሥራ ሣር ያበቀለ ጋራ፥ የደረቀ ምንጩም የተመለሰለት አገር ብዙ ነው። ጓደኞቼ፥ እስቲ አብረን እንቍጠር። አንድ ቀበሌ 500 አባወራ አለው እንበል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው 30 ቀን ቢሠራ 15,000 የሥራ ቀን ይሆናል። ሴፍቲኔቱ በሚከፍለው 3 ኪሎ ብናሰላው 450 ኩንታል እህል ነው። በአሥር ዓመት 4,500 ኩንታል! ይህን ያህል ሀብት ያወጣ ነጋዴ ቢኖር ባለ አክሲዮን ይባል ነበር፤ የትርፉንም ድርሻ በጽሑፍ ይይዝ ነበር። ገበሬው ግን በሪፖርቱ ላይ «ተሳታፊ» ተብሎ ይታለፋል።

አንዳንድ የኤኮኖሚክስ ጓደኞቼ ከወዲሁ መልስ እንዳዘጋጁ አውቃለሁ። በበጋ ወራት ሥራ የሌለው ሰው ጉልበት ዋጋው ዜሮ ነው ይላሉ። በመጽሐፍ እንዲህ ይሆናል። ነገር ግን በዋግ የበጋ ወር ሰውየው ወደ ሁመራና ወደ ሌላ አገር ለቀን ሥራ የሚወርድበት፥ ሚስቱ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን የምትጓዝበት ጊዜ ነው። ጉልበቱ ዜሮ የሚመስለው ማንም ስላልመዘገበው ነው።

አለመመዝገቡ የሚያስከትለው ጉዳት የሚታየው ፍሬው በሚደርስበት ጊዜ ነው። ሦስት ነገር ላንሣ።

የመጀመሪያው የተዘጋው ጋራ ነው። ጋራው ሲለመልም ሣሩ ይታጨዳል፥ ንብ ይሰፍርበታል፤ የዋግም ማር የተመሰገነ ነው። ብዙ ጊዜ ጋራው ለተደራጁ ወጣቶች ለንብ ማነቢያ ይሰጣል። ወጣቶቹ ሥራ ማግኘታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ድንጋዩን የተሸከሙት፥ የከብታቸውንም ግጦሽ የለቀቁት አባቶችና እናቶች ምን ድርሻ አላቸው? አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ጉዳዩ ጠብ ይሆናል፤ ሌሊት ከብቱ ወደ ጋራው ይለቀቃል። የግብርና ሠራተኛው ይህን «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ይጽፈዋል። እኔ ግን ድርሻው የተነፈገ ሰው ክስ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው ዕጣን ነው። በአበርገሌ በኩል ባለው ቆላ የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋ ልጡ ትንሽ ትንሽ እየተላጠ ሙጫው ሲደርቅ ይለቀማል፤ በቀለሙና በመጠኑ ተለይቶም ይሸጣል። አብዛኛው ከኢትዮጵያ የሚወጣው ሳይጣራ እንዲያው በጥሬው ስለሆነ ዘይቱን አውጥቶ ትልቁን ዋጋ የሚያገኘው የውጭ አገር ፋብሪካ ነው። ዛፉ ያለ ልክ ሲላጥ ይደክማል፤ አዲስ ችግኝ ደግሞ በከብት ስለሚበላ ተተኪ የለውም። ዛፉን የሚጠብቀው አጠገቡ ያለው ገበሬ ብቻ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ዕጣን ምን እንደሚደርሰው ካልታወቀ ግን ለምን ይጠብቃል?

ሦስተኛው ዓሣ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቈይ። ከፍታው 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 300 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ ነው። ውሃው ሸለቆውን ሞልቶ በተኛ ጊዜ ግን ቆሮሶና አምባዛ በዛ። የዝቋላ፥ የሰሃላና የአበርገሌ ወጣቶች ማኅበር እያቋቋሙ መረብ መጣል ጀመሩ። ከአያቶቻቸው ማንም ይህን ሥራ አልሠራም፤ ልጆቹ ግን ተማሩት። የዋግ ሰው አዲስ ነገር አይቀበልም ለሚሉ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ይሁን እንጂ ዓሣ እንደ ማሽላ በጎተራ አይቈይም፤ የተከዜ ቆላ ሙቀትም ብርቱ ነው። በረዶና መኪና ያለው ነጋዴ ዋጋውን ይቈርጣል፤ አጥማጁ «አልሸጥም» ቢል እስከ ማታ ይበላሽበታል። በኤሌክትሪክ ግድብ ዳር ቆሞ በረዶ የሚያጣ ሰው፥ ፕላኑ ማንን አስቦ እንደ ተነደፈ ሌላ አስረጂ አያሻውም። ለአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አንድ በረዶ ቤት ቢሠራ፥ ገበሬውን ስለ ቍጠባ ከሚያስተምር አሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ቃል ኪዳኑን አልረሳሁም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» በሚባለው ውሳኔ፥ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ተስማማ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት ከመቶው 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በመላው አገር 38 ነበር። ሥራው በመጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከዚያም ወደ 240 እንዲሰፋ ተወሰነ። ከዚህ ውስጥ እኔ የማደንቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጤናው፥ ውሃው፥ እርሻውና ትምህርቱ ለየብቻው ከመሮጥ ይልቅ በወረዳ ደረጃ አንድ ዋጋው የተሰላ ፕላን እንዲወጣ መደረጉ ነው። ወረዳው ምን እንደሚፈልግና ስንት ብር እንደ ጐደለው በግልጽ ይታያል። በጀቱ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ወረዳ ቢወርድም አብዛኛውን ደመወዝ ስለሚበላው፥ ጐዶሎውን በቍጥር ማየት ትልቅ ነገር ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ሲገባ ግን ሰው ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቀለ፥ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተዘረፈ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ተመለሰ። የብዙ ዓመት ሥራ በጥቂት ወር ወደ ኋላ ሄደ።

እንግዲህ በዚህ የወረዳ ፕላን ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር እላለሁ። መንግሥት ያወጣው ብር፥ ርዳታ ሰጪው ያወጣው ብር ተብሎ ሲጻፍ፥ በሦስተኛው ዓምድ ሕዝቡ ያወጣው የሥራ ቀን ይጻፍ። ጋራው ሳይዘጋ በፊትም የሥራ ቀኑ መዝገብ የሣሩና የማሩ ድርሻ ውል ይሁን፤ በአጠቃቀሙ ላይ ድምፅ የሚሰጡትም በመዝገቡ ያሉት ይሁኑ።

ይህ ሐሳብ ከእኔ የፈለቀ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. በ55 ቦታዎች የማኅበረሰብ ልማት ፕሮጄክት ጀመረች። ሹማምንቱ መንደር ለመንደር እየዞሩ ሕዝቡን ለሥራ ቀሰቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. በባልዋንትራይ ሜህታ የተመራው ኮሚቴ ሲመረምር፥ በሕዝብ የተመረጠ፥ ሥልጣንና ገንዘብም ያለው የአካባቢ ሸንጎ ከሌለ የሕዝቡ ፍላጎት እንደማይነሣ ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በራጃስታን የመንደር ሸንጎዎች ሥልጣን ተሰጣቸው። ሸንጎዎቹ ሁሉ የሠመሩ አይደሉም፤ በብዙ ቦታ ሀብታሙ ተቈጣጥሯቸዋል። በእኛም ቀበሌ ይህ እንዳይሆን መዝገቡ በሊቀ መንበሩ ሣጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ ሳይሆን በገበያ ቀን በአደባባይ የሚነበብ መሆን አለበት። የሚነበበውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጣንጋ ጭምር ነው፤ በማያውቁት ቋንቋ የተነበበ ሒሳብ ለሽማግሌዎቹ እንዳልተነበበ ነውና።

ቀደምቶቻችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሠርተዋል። ያን የመሰለ ሥርዓት ዛሬ ስለሌለን በአቅማችን አንድ ትንሽ ነገር ለማኅበሩ አቀርባለሁ። የአንድ ቀበሌ የሥራ ቀን መዝገብ ምን መምሰል እንዳለበት ቅጹን እናዘጋጅ፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜም አገራቸው የሚገቡ የዋግ ተማሪዎች በየቀበሌያቸው ለሽማግሌዎችና ለግብርና ሠራተኛው ያሳዩት፥ የሚታረመውንም አርመው ይመለሱ። የሚያስፈልገው ወረቀት ለዚህ ጋዜጣ አንድ እትም ከሚወጣው አይበልጥም። ከሒሳብ ክፍል ሁለት፥ ከኽምጣንጋ ተናጋሪዎች ቢያንስ ሦስት ሰው እንፈልጋለን፤ ፈቃደኞች ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ።