ከአራዳ እስከ ጓንግዡ



ቀድሞ እስያ ራሷ በሕንድ ነጋዴዎች እጅ ወደ አራዳ ገበያ ትመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ያዘዘው ዕቃ ከናሙናው ተለይቶ መገኘቱን ማታ በስልክ የሰማ የፒያሳ ነጋዴ፣ ቪዛው በእጁ ካለ፣ በማግሥቱ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተሳልሞና ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወደሚመላለስባት ቻይና ተሳፍሮ፣ ልሳኗን ወደማያውቃት፣ በዕንቁ ወንዝ ዳር ወደተቆረቆረችው ጓንግዡ ይገሠግሣል።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ በዚያ የሚፈጸመው ግብይት ነው። ሻጪቱ ዋጋውን በካልኩሌተር ላይ ጽፋ ወደ እርሱ ታዞርለታለች፤ እርሱም አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል፤ እርሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እርሱ ቦርሳውን አንሥቶ ሊወጣ ይነሣል፣ መልሳ ትጠራዋለች፤ እንዲህ ሲመላለሱ ቆይተው፣ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ በቁጥር ብቻ ተግባብተው ይስማማሉ። በዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን በአራዳ ገና የንጋቱ 12 ሰዓት ነውና፣ ባለቤቱ ከኪዳን ጸሎት ሳትመለስ እርሱ የዕለቱን ድካም አጋምሶታል።

ይህን ሰው ከልቤ አከብረዋለሁ። ገንዘቡ ከመላኩ አስቀድሞ ውሉንና ናሙናውን የሚመረምርለት፣ በዚያው አገር የተማረ፣ ቋንቋውንም የሚያውቅ አንድ ወገን ቢያገኝ ግን ይህ ድንገተኛ መንገድ በቀረለት ነበር።