ባዶ እጇን ለተመለሰች እናት

በሬድዮ ከተላለፈ የወንጌል መልእክት የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 1፤ ሉቃስ 13፥1-5

በሐይቅ ከተማ፣ በውጫሌ፣ በአምባሰል ቀበሌዎች፣ በደሴና በዙሪያዋ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ የያዛችሁ ሁሉ፣ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የእናንተ ነው። በጸሎት ሰዓት፣ በለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴም ከአምልኮ በኋላ በር ላይ በሹክሹክታ የምትጠይቁት ነው። «ፓስተር፣ ጌታ እያለ ይህ ለምን ሆነብኝ?»

በችኮላ አልመልስም። መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና መጽሐፈ ሩትን አውጡ። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ አንድ ቡና እስኪፈላ ታልቃለች።

ነገሩ የሚጀምረው በረሃብ ነው። ቤተ ልሔም የምትባል ከተማ አለች፣ የስሟ ትርጉም የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ ግን እንጀራ የለባትም። አቤሜሌክ የሚባል ሰው ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ወደ ሞዓብ ተሰደደ። ልጆቼ ይብሉ ብሎ ነው የሄደው። ክፉ አላሰበም። እዚያ እርሱ ሞተ። ልጆቹ አገቡ፣ አሥር ዓመት ያህል ኖሩ፣ ከዚያ ሁለቱም ሞቱ። ኑኃሚን ሦስት መቃብር በሰው አገር ትታ፣ ከአንዲት ምራቷ ጋር ወደ ቤተ ልሔም ተመለሰች። የከተማው ሴቶች ሲያዩዋት አላመኑም፣ እርሷ ናት ወይ ተባባሉ። በጉስቁልና ፊት ይለወጣል፤ ይህን የወሎ ሰው ያውቀዋል።

አያችሁ፣ ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስታልቅ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ገደማ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዶ ሰፍሯል። ፈልጎ የሄደ አለ፣ ሳይወድ የተጫነም አለ። ወለጋ የደረሱት ጫካ መንጥረው፣ ወባውን ታግለው፣ ቤት ሠሩ፣ ልጅ ወለዱ፣ የልጅ ልጅ አዩ። ከዚያስ? ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። የተገደሉት በብዛት ያን ጊዜ ከወሎ የሄዱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። የተረፉት፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ከሌላው የወለጋ ቀበሌ የሸሹት፣ ወደ ደቡብ ወሎ መጡ። በተሁለደሬ ወረዳ፣ ጃሪ ላይ፣ በመጠለያ ውስጥ ያሉት ወገኖች እነማን ናቸው? አባት በረሃብ ሸሽቶ ሄደ፤ ልጅ ሞት ሸሽቶ ተመለሰ። ኑኃሚን ማለት እንግዲህ እርሷ ናት፤ ፌስታል ይዛ ሸራ ስር የተቀመጠችው እናት።

ኑኃሚን የደረሰችበትን ነገር ልብ በሉ። ስሟን ለወጠች። ደስታዬ የሚል ስም ነበራት፤ አሁን ማራ በሉኝ፣ መራራ በሉኝ አለች። እግዚአብሔር ራሱ እጁን በእኔ ላይ አነሣ ብላ በከተማው አደባባይ ተናገረች። እግዚአብሔርም አልገሠጻትም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ፈልጉ፣ አንድም ነቢይ መጥቶ «አፍሽን ዝጊ» አላላትም። ምሬቷ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ቀረ።

ይህን የምለው ለምንድነው? በአንዳንድ ጉባኤዎቻችን ማልቀስ እንደ አለማመን ስለሚቆጠር ነው። ልጇን የቀበረች እህት በሦስተኛው ቀን «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንድትል ይጠበቅባታል። ደህና አይደለችም! ለምን ታስዋሻታላችሁ? እህቴ፣ ጌታ ፊት ምሬትሽን አፍስሺ። መዝሙረ ዳዊትን ቁጠሪው፤ ሲሶው ያህል እሮሮ ነው። እሮሮ ወደ እግዚአብሔር የተነገረ እንደሆነ ጸሎት ነው። ሰው የማያምነውን አምላክ አይከስም።

በሉ አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «የማን ኃጢአት ነው?» ወሎ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቃለች። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ሕዝቡ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አስፋልት ዳር ወድቆ ሲያልቅ፣ መቅሠፍት ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው ያሉ ነበሩ። እሺ፣ ጌታ ኢየሱስ ምን ይላል? በሉቃስ ምዕራፍ 13 ላይ ሰዎች መጥተው ጲላጦስ በመሥዋዕታቸው መካከል የገደላቸውን የገሊላ ሰዎች ነገር አወሩለት። እርሱ ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ጨመረ። አንዱ የባለ ሥልጣን ጭካኔ ነው፣ ሌላው ድንገተኛ አደጋ። ስለ ሁለቱም፣ እነዚህ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አይደሉም ብሎ ራሱ መለሰ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጠያቂዎቹ አዞረ፣ እናንተ ንስሓ ግቡ አለ። ከሞተው ሰው ላይ ኃጢአት መፈለግ በጌታ ዘንድ የተከለከለ ነው። ከቆመው ሰው ላይ መፈለግ ግን ይቻላል።

እንፈልግ እንግዲህ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሯል። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ በጠቅላላው እህል ያን ያህል አልጎደለም። የወሎ ገበሬ ግን ምርቱን አጣ፣ ከብቱ አለቀ፣ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ሕዝቡ በሚራብበት ጊዜ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወጣ እህል እንኳ ነበረ። መንግሥት ደግሞ ነገሩን ደበቀው። በ1977 ዓ.ም.ም ያው ነው፤ ወሎ እየተራበች መስከረም 2 ቀን አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድግስ ይከበር ነበር። ዝናብ መቅረቱን ለእግዚአብሔር ምሥጢር ልተወው። የተደበቀውን ግን፣ የተሸጠውን ግን፣ የተደገሰውን ግን በምን አፌ ነው የእግዚአብሔር ቁጣ የምለው? የሰው ኃጢአት ነው። የተራበው ሰው ኃጢአት ደግሞ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በጥቅምት ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ሐይቅም ውጫሌም የሆኑትን ሆነዋል። ኅዳር ማብቂያ ድረስ የነበሩትን ሳምንታት እናንተ ታውቋቸዋላችሁ፣ እኔ አልተርክላችሁም። ለእነዚያ ቀናትም ተጠያቂዎቹ ሰዎች ናቸው። እግዚአብሔር ይቅር በሉ ሲል ምንም አልተደረገባችሁም ማለቱ አይደለም።

አሁን የራሳችንን ቤት ልንካ። እኛ ጴንጤዎች ፈውስ እናምናለን። እኔም አምናለሁ፤ በታመመ ላይ እጅ እጭናለሁ፣ ሲፈወስም አይቻለሁ፣ ሃሌሉያ! ነገር ግን ያልተፈወሰውን «እምነትህ አንሶ ነው» የሚል ትምህርት ገብቶብናል። ዘይት ገዝተህ፣ ዘር ዘርተህ፣ አውጀህ ካልተሳካ ጥፋቱ ያንተ ነው ይሉሃል። የኢዮብ ወዳጆችም ያሉት ይህንኑ ነው፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። የሐዋርያት ሥራ 12ን አንብቡ፤ ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ፣ ጴጥሮስ በመልአክ ከእስር ወጣ። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ ናት። የያዕቆብ እናት እምነቷ አንሶ ነው የምንላት? ዕብራውያን 11 ላይም በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡና በእምነት በሰይፍ የሞቱ በአንድ መዝገብ ተጽፈዋል። ልዩነት አላደረገባቸውም።

የእኛውን አገር ሰው ልጥቀስ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ካገለገሉበት ጉባኤ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ በበኩላቸው ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፣ ተሠቃዩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «የት ነው ያለው?» ብሎ መጸለይ! ለዚያ ጸሎት በየዓመቱ የመጣው መልስ ዝምታ ነበር። እምነታቸው ግን አልጠፋም። ልጅሽ በጦርነቱ ሄዶ ወሬው የጠፋብሽ እናት፣ ይህን የጻፍኩት ላንቺ ነው። ዝም የተባለው ባንቺ ብቻ አይደለም።

«እግዚአብሔር ታዲያ የት ነበረ?» ትሉኛላችሁ። ለምን እንደሆነ ማብራሪያ አልሰጣችሁም፤ ኑኃሚንም አልተሰጣትም። የማውቀው ግን አለ። ጌታችን በመስቀል ላይ የጮኸው ጩኸት የኑኃሚን ጩኸት ነው፤ አባቱ ለምን እንደተወው ጠየቀ። በዚያች ሰዓት ለእርሱም ከሰማይ የመጣ ማብራሪያ የለም። ስለዚህ ጃሪ ሸራ ስር ሆና «ለምን?» የምትለው እናት ከጌታ ርቃ ሳይሆን እርሱ በተሰቀለበት ቦታ አጠገብ ነው የቆመችው። በሦስተኛው ቀን ሲነሣ ደግሞ ቁስሉ አልጠፋም፤ ቶማስን ንካው አለው። ሞትን ያሸነፈ ሥጋ፣ ጠባሳ አለው። እኔ ትንሣኤን የምሰብከው በዚህ መንገድ ነው፤ ያለፈውን እንዳልነበረ አድርጎ አይደለም።

ሩት መጨረሻዋ ላይ ልጅ ወለደች፣ ኢዮቤድን። ኑኃሚን ታቀፈችው። የሞቱት ሁለቱ ግን አልተመለሱም፤ «ሌላ ይሰጥሻል» እያላችሁ እናቶችን አታድክሙ። የዚያ ሕፃን የልጅ ልጅ ዳዊት ነው፣ ከዳዊት ዘርም ክርስቶስ መጣ። ኑኃሚን ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው።

ያወቀችው ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ቃርሚያው ነው። ሩት የገብስ አጨዳ ላይ ደርሳ ልትቃርም ወጣች። ሕጉ በዘሌዋውያን 19 የማሳውን ዳር ለድኻና ለእንግዳ ተዉ ይላል። ቦዔዝ ከሕጉ አለፈ፤ አጫጆቹን ከነዶው እያወቃችሁ ጣሉላት፣ አታሳፍሯት አላቸው። እያወቁ መጣል! በዚያ ማታ ኑኃሚን ገብሱን አይታ እግዚአብሔር ቸርነቱን አልተወም አለች። አምላኳን እንደገና ያየችው በስብከት አይደለም፣ በቁና ገብስ ነው። እኔ ሰባኪ ሆኜ ይህን ስናገር ትንሽ ያመኛል፤ ግን እንዲህ ነው የተጻፈው።

የወሎ ሰው ይህን አያጣውም። ቅሬው ሰው ሲሞት እስላም ነው ክርስቲያን ነው ሳይል ይወጣል፣ ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። እኛ አማኞች ከቅሬው ወደ ኋላ የምንቀር ከሆነ ያሳፍራል። ደግሞም በግልጽ ልናገር፦ ለተፈናቃይ ዱቄት ሰጥቶ ስሙን በአባልነት መመዝገብ ወንጌል አይደለም። ስጡ፣ ዝም በሉ፣ ከጎኗ ተቀመጡ። ስለ ተስፋችሁ ከጠየቀቻችሁ ያን ጊዜ ንገሯት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አፈር ላይ ዝም ብለው የተቀመጡት ጊዜ ነበር ጥሩ ወዳጆች የነበሩት፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከእኔ ጋር ጸልዩ። ጌታ ሆይ፣ ለምን እንደሆነ አልገባንም፣ እንደገባንም አናስመስልም። ጃሪ ያሉትን ታውቃቸዋለህ፤ ከቶሌ የተረፉትን፣ በሐይቅና በአምባሰል ልጅ የጠፋባቸውን፣ ዝናብ ቀርቶበት ሰማይ ሰማይ የሚያየውን ገበሬ። ቁስልህን አሳያቸው። እኛንም እያወቅን የምንጥል አጫጆች አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።