ስለ ቫይታሚን ዲና ስለ ጽኑ ሕመም
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በየአጥቢያው የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ቫይታሚን ዲ ጽኑ ሕመምን ይከላከላል ይባላልና፥ ለምን ገዝታችሁ ለክሊኒኮች አትልኩም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ነገር ግን የምናወጣው ገንዘብ የመበለቲቱም ሳንቲም ያለበት ስለሆነ መርምረን ልንመልስ ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ሐኪሞች በኮቪድ ክፉኛ በታመሙት ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲ አነስተኛ ሆኖ አገኙት። ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ያረጀ፥ ከቤት የማይወጣ፥ ከመጠን በላይ የወፈረ ሰውም ይህ ቫይታሚን ያንሰዋል፤ ኮቪድም የሚበረታው በእንደነዚሁ ሰዎች ላይ ነው። ታዲያ ጉድለቱ ሕመሙን ያጸናዋል ወይስ አብሮት ይገኛል? ይህን ለመለየት ሕሙማኑን በዕጣ ከፍሎ፥ ለአንዱ ወገን ቫይታሚኑን ለሌላው ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ፈሳሽ መስጠት ያስፈልጋል።

በብራዚል፥ በሳኦ ፓውሎ፥ 240 የሆስፒታል ሕሙማን እንዲሁ በዕጣ ተከፈሉ። ቫይታሚን የደረሳቸው በአንድ ጊዜ 200,000 ዩኒት ወሰዱ። በደማቸው ያለው መጠን ከፍ አለ፤ በሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ ግን አላጠረም፥ ሞትም አልቀነሰም። ውጤቱ በ2021 ታተመ። «ዘግይቶ ስለ ተሰጠ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። በኖርዌይ ግን 34,000 ያህል ሰዎች ሳይታመሙ ጀምረው ለወራት የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ወይም ሌላ ዘይት ወስደዋል፤ በጽኑ ኮቪድ ረገድ ልዩነት አልታየም። እርግጥ ከእነዚህ የሚበዙት ቀድሞውንም ጉድለት አልነበረባቸውም።

ቫይታሚን ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በታንዛኒያ በምቩሚ የሚሲዮን ሆስፒታል ኩፍኝ ከያዛቸው ሕፃናት መካከል ቫይታሚን ኤ ከተሰጣቸው 88 ስድስት ሞቱ፤ የተለመደው ሕክምና ብቻ ከተደረገላቸው 92 ግን 12 ሞቱ። ይህ በ1987 ታተመ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይሆን ያሰጋ ነበርና ሌላ ሙከራ አስፈለገ። በ1990 ከኬፕ ታውን የወጣው ጥናት በ189 ሕፃናት ላይ የተደረገ ነው፤ ከሞቱት 12 ሕፃናት አሥሩ ቫይታሚን ኤ ያልደረሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ኩፍኝ በገባባቸው ጣቢያዎች ቫይታሚን ኤ እንዳይጓደል እናደርጋለን። ቫይታሚን ዲም አጥንታቸው ለሚጎብጥ ሕፃናት ይሰጣል፤ የዚያ ማስረጃ የቆየ ነው። ለኮቪድ ተብሎ ግን ከዕርዳታው ገንዘብ አንገዛም። አዲስ መድኃኒት እንዲገዛ የምትጽፉልን ሠራተኞች፥ ሕሙማኑ በዕጣ መከፈላቸውንና ከየወገኑ ስንቱ እንደ ሞተ ጨምራችሁ ጻፉልን።