የማማው ውድድር



የቴሌኮም ውድድር ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው የዋጋ ቅናሽ ነው፤ እኔ ግን የምናገረው ስለ ማማው ነው።

በአገራችን የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 ከተጀመረ አንሥቶ ከሃያ ዓመት በላይ አቅራቢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራ ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 2022 ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግን አምስተኛውን ትውልድ በመዲናይቱ ለሙከራ የከፈተው ከዚያ አምስት ወር ቀድሞ ነው። ምክንያቱ ውድድር ብቻ ነው ባልልም፣ የመጪው ኮቴ መሰማቱ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ይህ ግፊት የሚበረታው ደንበኛ በተጠጋጋበት ስፍራ ነው። በገጠር መንገዱ፣ የመብራቱ እጦትና የጄኔሬተሩ ናፍጣ የማማውን ወጪ ከፍ ሲያደርጉት ገቢው ያንሳል፤ ስለዚህ በከተማ ሁለት ማማ ጎን ለጎን ሲቆም በሩቅ ቀበሌ አንድም ሊታጣ ይችላል። በ2021ዱ ጨረታ ማማ አከራይ ኩባንያዎች ስላልተፈቀዱ፣ አዲሱ ድርጅት ከነባሩ መከራየት ወይም የራሱን መትከል ግድ ሆነበት።

እኛ መሐንዲሶች የገጠሩን ማማ የሁለት ድርጅቶችን አንቴና ክብደትና የነፋስ ግፊት እንዲችል አድርገን ብንነድፈው፣ ኋላ የሚመጣው የሚያወጣው ለመሣሪያውና ለኪራዩ ብቻ ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው በንድፉ ወቅት ነው፤ ማማው ከቆመ በኋላ ማጠናከሩ ብዙ ያስወጣል።